ዳግማዊ ምኒልክና በዓይን ያልታየው ጠላት

የዳግማዊ ምኒልክ ስም ሲነሣ ሁላችንም አስቀድመን የምናስበው የዓድዋን ድል ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ስለ ሌላ ጦርነት እናገራለሁ፤ ይኸውም ንጉሠ ነገሥቱ በዓይን ከማይታይ ጠላት ጋር ያደረጉት ትግል ነው። ይህን ለምን እንደ መረጥሁ በመጨረሻው እገልጻለሁ። ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ምኒልክ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማትርቀው በአንጎለላ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ. ም. ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፥ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። በ1848 ዓ. ም. አባታቸው ሲሞቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ሕፃኑን ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። በ1857 ዓ. ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና በአያታቸው በሣህለ ሥላሴ ከተማ በአንኮበር ነገሡ።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ጥበብን የሚወዱ ሰው ነበሩ። በ1869 ዓ. ም. ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች በአንኮበር አጠገብ መቀመጫ ቦታ ሰጧቸው። እንደ ራጋዚና እንደ ትራቬርሲ ያሉ ሐኪሞችም በዚያ ተቀምጠው ነበር። ነገር ግን በዚያን ዘመን ቫይረስ የሚባለውን ነገር የትም አገር ያለ ሐኪም ገና አያውቀውም ነበር።

በ1880 ዓ. ም. ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ወደ አገራችን ገባ። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ ሥራው መርዶ ነው። ከ100 ከብት 90 ያህሉ እንዳለቀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ ረኃቡም እስከ 1884 ዓ. ም. ድረስ ሕዝቡን ፈጀ። ይህም ክፉ ቀን እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ምኒልክ በ1882 ዓ. ም. የንጉሠ ነገሥትነትን ዘውድ የጫኑት በዚሁ መከራ መካከል ነው። ጎተራቸውን ከፍተው እህል ሰጡ። ባለ ርስቱና መኳንንቱም በእጅ መቆፈርን እንዳይንቁ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ።

የበሽታው ምክንያት ቫይረስ መሆኑ የታወቀው ከክፉ ቀን በኋላ በ1894 ዓ. ም. ገደማ ነው። ቫይረስ ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ ሲሆን ብቻውን ሊራባ አይችልም። ወደ ከብቱ ሴል ይገባና አር ኤን ኤ በሚባለው የዘር መልእክቱ ሴሉን አስገድዶ የራሱን አምሳያ ያሠራዋል። የአፍና የአንጀት ሽፋን ይቆስላል፤ ከብቱም ተቅማጥ ይዞት በጥቂት ቀን ይሞታል። የሰው ኩፍኝ የዚህ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው።

ምኒልክ ለከብቱ ያጡትን መድኃኒት ለሰው ግን በከፊል አገኙ። አባቶቻችን ከፈንጣጣ ቁስል ወስደው ጤነኛውን ይከትቡ ነበር፤ ይህ ግን ራሱን ፈንጣጣን ስለሚያስይዝ አደጋ ነበረው። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1890 ዓ. ም. ገደማ ዉርትዝ የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም መጥቶ በአዲስ አበባ በጥጆች ላይ የሚዘጋጀውን የተሻለ ክትባት ሰጠ። በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታልም በዘመናቸው ተሠራ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ. ም. ዐረፉ።

የጀመሩት ሥራ ፍጻሜ ያገኘው ከሞቱ በኋላ ነው። ፈንጣጣ በ1972 ዓ. ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የደስታንም ቫይረስ በ1950ዎቹ ፕላውራይት የተባለ የእንግሊዝ የከብት ሐኪም በኬንያ በጥጃ ኩላሊት ሴል ላይ ደጋግሞ እያራባ አደከመውና ክትባት አደረገው። ኋላም ሙቀት የሚችል ዐይነት ተሠራ። ከአንኮበር ተራራ ቁልቁል በምናየው በአፋር ቆላ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው ከብቱን ከተቡ። በ2003 ዓ. ም. ደስታ ከምድር ላይ ጠፋ ተብሎ ታወጀ።

እንግዲህ ምክንያቴን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት የከብት ክትባት ወደ መንደራችን መጥቶ ነበር። መርፌው ከብት ያከሳል የሚል ወሬ ስለ ተሰማ አባቴ ምን ይሻላል ብለው ጠየቁኝ። እኔም ስለ ባክቴሪያና ስለ ቫይረስ ተምሬ ፈተናውንም አልፌ ሳለሁ፥ የጎረቤቱን ሐሜት ፈርቼ እንደ ወደዱ አልኋቸው። ከብቶቹን ወደ ወንዝ ማዶ ነዳናቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ባረጀው በሬያችን ፈንታ ልንጠምደው ያሰብነው ወይፈን ጭኑ አብጦ በአባ ጎርባ ሞተ። ይህን በሽታ የሚያመጣው በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ሊቆይ የሚችል ባክቴሪያ ነው፤ ክትባትም አለው። አባቴ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው አረሱ።

ምኒልክ የበሽታውን ምክንያት ሳያውቁ ዶማ አነሡ። እኔ ግን እያወቅሁ አፌን ዘጋሁ። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በክፍል የተማርነውን በደብተራችን ብቻ አናስቀረው፤ በቤታችንና በመንደራችንም እንናገረው። ዘንድሮ ክትባቱ ሲመጣ ከብቶቻችንን ቀድሜ የምነዳው እኔ ነኝ።