የሚናማታው ሐኪም፦ የዶክተር ሀጂሜ ሆሶካዋ አጭር የሕይወት ታሪክ

እኛ የሕክምና ተማሪዎች ስለ ሜርኩሪ መመረዝ ስንማር ሚናማታ የሚለውን ስም ደጋግመን እንሰማለን። በጃፓን ስማቸው የታወቀው የዚያች ከተማ ሐኪም ግን በትምህርታችን ብዙም አይነሡም። ታሪካቸው የባሕርን ውሃ ከብክለት የሚጠብቅ ሕግ መቼ እንደሚሠራና መቼ ወረቀት ሆኖ እንደሚቀር ስለሚያሳይ ለዚህ ዕትም መርጠነዋል። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሀጂሜ ሆሶካዋ በ1901 በኤሂሜ ግዛት ተወለዱ። በቶኪዮ ሕክምና ተምረው፣ በኋላ ቺሶ ተብሎ በታወቀው የኬሚካል ኩባንያ ተቀጠሩ፤ በሚናማታም የፋብሪካው ሆስፒታል ኃላፊ ሆኑ።

ኤፕሪል 21 ቀን 1956 ስድስት ዓመት ያልሞላት አንዲት ልጅ መራመድና መናገር አቅቷት ወደ ሆስፒታሉ መጣች። ወዲያው ታናሽ እኅቷ ታመመች፤ ጎረቤቶችም ተከተሉ። ሜይ 1 ቀን ምንነቱ ያልታወቀ የነርቭ በሽታ መነሣቱን ሆስፒታሉ ለአካባቢው ጤና ቢሮ አስታወቀ። ሕመምተኞቹ በአብዛኛው ዓሣ አስጋሪዎችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። በመንደሮቹ ድመቶች ሳይቀሩ እየተንዘፈዘፉ ይሞቱ ነበር።

ፋብሪካው ከ1932 ጀምሮ አሴታልዲሃይድ ለማምረት ሜርኩሪ ይጠቀም ነበር። በሥራው ሂደት የሚፈጠረው ሜቲል ሜርኩሪ ከፍሳሹ ጋር ባሕር ይገባል። ከጥቃቅን ፍጥረታት ወደ ዓሣ፣ ከዓሣም ወደ ሰው ሲተላለፍ እየተከማቸ ይሄዳል። አንጎልን ይጎዳል፤ በእንግዴ ልጅ አልፎም ፅንሱን ያጠቃል።

በጁላይ 1959 የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መንስኤው ኦርጋኒክ ሜርኩሪ መሆኑን ሲያመለክቱ ኩባንያው ካደ። በዚያው ወር ዶክተር ሆሶካዋ የአሴታልዲሃይዱን ክፍል ፍሳሽ ከምግብ ጋር እየቀላቀሉ ለአንድ ድመት መስጠት ጀመሩ። ቁጥር 400 የተባለው ይህ ድመት በኦክቶበር ያንኑ በሽታ አሳየ። አስተዳደሩ ሙከራው እንዳይቀጥል ከለከለ፤ ውጤቱም ታፍኖ ቀረ። በዲሴምበር የፍሳሽ ማጣሪያ በይፋ ተመረቀ፤ ነገር ግን በውሃ የሟሟውን ሜርኩሪ የሚያስወግድ አልነበረም። በዚያው ወር የተጎዱት ቤተሰቦች፣ ወደፊት ፋብሪካው ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ተጨማሪ ካሣ ላለመጠየቅ ጥቂት ገንዘብ ተቀብለው ፈረሙ። ዶክተሩ የድመቱን ነገር እያወቁ ዝም አሉ። በ1962 ከሥራ ወጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ።

ታዲያ ሕግ አልነበረም ወይ? ነበር። በ1958 በቶኪዮ ባሕር ዳርቻ ዓሣ አስጋሪዎች ከአንድ የወረቀት ፋብሪካ ጋር ከተጋጩ በኋላ፣ የውሃ ጥራትንና የፋብሪካ ፍሳሽን የሚመለከቱ ሁለት ሕጎች ወጥተዋል። ነገር ግን ሕጎቹ የሚሠሩት መንግሥት ለይቶ በሰየመው ውሃ ላይ ብቻ ነበር። የሚናማታ ባሕር የተሰየመው በ1969፣ ፋብሪካው አሴታልዲሃይድ ማምረቱን ካቆመ በኋላ ነው። በመካከሉ፣ በ1965፣ በሌላ ኩባንያ ፍሳሽ ምክንያት ያው በሽታ በኒጋታ መነሣቱ ታወቀ።

በሽተኞቹ ኩባንያውን ከሰሱ። ጁላይ 4 ቀን 1970 ዶክተር ሆሶካዋ በካንሰር ታመው ከተኙበት አልጋ ላይ ስለ ድመቱ መሰከሩ። ኦክቶበር 13 ቀን አረፉ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የጃፓን ምክር ቤት የባሕር ዳርቻን ጨምሮ የሕዝብ ውሃዎችን ሁሉ የሚሸፍን የውሃ ብክለት ሕግ አወጣ። ዛሬ በዚያች አገር የፋብሪካ ፍሳሽ በሊትር ከ0.005 ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ እንዳይኖረው ተወስኗል፤ ሜቲል ሜርኩሪ ደግሞ ጨርሶ መገኘት የለበትም። በማርች 1973 በሽተኞቹ ረቱ፤ ያ የዲሴምበር ውልም ዋጋ አጣ። በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መንግሥት ራሱ በነበሩት ሕጎች ባለመጠቀሙ ተጠያቂ ነው አለ። በ2013 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የሜርኩሪ ስምምነትም በሚናማታ ስም ተሰየመ።

እኛ በዶክተሩ ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም፤ በመጨረሻ የተናገሩት እሳቸው ናቸውና። ዳሩ ግን ምስክርነታቸው የዘገየባቸው ዓመታት በልጆች አካል ላይ ተከፍለዋል። ነገ አብዛኞቻችን የመንግሥት ወይም የድርጅት ደመወዝተኞች እንሆናለን። የድመቱን ዓይነት ውጤት በእጃችን ስናገኝ በዚያው ዓመት እንናገር ዘንድ ከአሁኑ እንዘጋጅ።