ፒላትር ደ ሮዚዬ፤ በባሉን ከምድር የተነሣው መምህር

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከኪራሙ ደጋ ጫፍ ቆሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ የተመለከተ ሰው፣ የየጎጆው ጭስ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሲወጣና አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ሲተኛ ያያል። ጉሙ ከበታች ተኝቷል፤ ነፋስም የለም። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን የሞቀው የቆላ አየር ሽቅብ መንፈስ ይጀምራል፤ ጭሱም ይበተናል። ገበሬውም ተማሪውም በየዕለቱ ስለሚያዩት ይህ ትርኢት ማንንም አያስደንቅም። በፈረንሳይ አገር በአኖኔ ከተማ ወረቀት ይሠሩ የነበሩት ጆዜፍና ኤትዬን ሞንጎልፊዬ የተባሉ ወንድማማቾች ግን፣ ጭሱን በከረጢት ቢይዙት ከረጢቱን ተሸክሞ ይወጣ እንደ ሆነ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1783 ከጨርቅና ከወረቀት የሰፉትን ታላቅ ከረጢት በሕዝብ ፊት ለቀቁት፤ ወጣም። (ከዚህ በኋላም የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ወንድማማቾቹ የሚያነሣው ኃይል ጭሱ ራሱ ነው ብለው ስላመኑ እርጥብ ገለባና ሱፍ እያቀላቀሉ ያጨሱ ነበር። ማስረጃቸው ስሕተት፣ ሥራቸው ግን ትክክል ነበር፤ በሳይንስ ታሪክ እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ አይደለም።

ከረጢቱ ሰው ይዞ እንዲወጣ ያደረገው ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አልነበሩም። ሥራው ለአንድ ወጣት የሳይንስ መምህር ተረፈ።

ዣን ፍራንሷ ፒላትር ደ ሮዚዬ ማርች 30 ቀን 1754 በሜስ ከተማ ተወለደ። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ነበር። ልጁ ሐኪም ይሆናል ተብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ትምህርት ቢላክም ሙያውን ስላልወደደው መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ገባ። እዚያ ዕድሜ ልኩን ያልተለየውን ኬሚስትሪ አገኘ። ገና ወጣት ሳለ ወደ ፓሪስ ሄዶ ተማረ፤ በሬምስ ከተማም ለጥቂት ጊዜ ካስተማረ በኋላ ወደ ፓሪስ ተመልሶ በ1781 ዓመት መጨረሻ በንጉሡ ወንድም ድጋፍ የራሱን የሳይንስ ቤት ከፈተ። በዚያ ቤት መሣሪያና ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ትምህርቱም በፈተና ሥራ እየታየ በአደባባይ ይሰጥ ነበር። በዘመኑ ከአካዳሚ ደጅ ይመለሱ የነበሩት ሴቶች ሳይቀሩ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። የአካዳሚው ሊቃውንት እንደ ትርኢት አሳዪ ይቆጥሩት እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። ይሁን እንጂ ትምህርትን በዓይን እያሳዩ ማስተማር ምን ያህል ድካም እንዳለው የሚያውቅ ባለሙያ በዚህ አይስማማም።

ከፈተናዎቹ አንዱ ብዙ ጊዜ ይተረካል። ሃይድሮጅን ተቀጣጣይ መሆኑን ለማሳየት ጋዙን በአፉ ሞልቶ በእሳት ላይ እፍ ሲል ነበልባሉ ፊቱን ለበለበው፤ ቅንድቡም ተቃጠለ ይባላል። ይህ ታሪክ ወደ ኋላ ሌላ ትርጉም ያገኛልና አንባቢ ልብ ይበለው።

በሴፕቴምበር 19 ቀን 1783 ሞንጎልፊዬዎች በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ፊት አንድ በግ፣ አንድ ዳክዬና አንድ አውራ ዶሮ በባሉን ሰደዱ። በላይ ያለው አየር ለሕያው ፍጡር ይበጅ እንደ ሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ነው። እንስሳቱ ስምንት ደቂቃ ያህል ቆይተው በደኅና ወረዱ፤ ወደ ወደቁበት ቦታ ሮጠው ቀድመው ከደረሱት ሰዎች አንዱም ፒላትር ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ ማን ይውጣ የሚል ብቻ ሆነ። ንጉሡ ሉዊ 16ኛ ወንጀለኞች ይሞከርባቸው የሚል ሐሳብ ነበረው። ፒላትር ግን ይህን ክብር ለእስረኛ መስጠት አይገባም ብሎ ተከራከረ፤ በቤተ መንግሥት ወዳጆች የነበሩት የእግረኛ ጦር መኮንን ማርኪ ዳርላንድም አገዙት። ፈቃድ ተገኘ።

ወደ ሰማይ ከመሄዱ በፊት ግን ተለማመደ፤ ከክብር ፈላጊዎቹ ሁሉ የሚለየውም በዚህ ነው። በኦክቶበር 15 ቀን ባሉኑ በገመድ እንደ ታሰረ 26 ሜትር ያህል ወጣ፤ አራት ደቂቃ ያህልም ቆየ። በሚቀጥሉት ቀናት ደጋግሞ ወጣ። ከነዚህ ሙከራዎች ገለባ ሲጨመር መውጣትን፣ እሳቱ ሲቀንስ ቀስ ብሎ መውረድን ተማረ። በገመድ የታሰረ ባሉን ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ እኛም አካባቢ መጥቷል፤ በ1888 ዓፄ ዮሐንስ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሰሓጢ በወረዱ ጊዜ፣ ጣሊያኖች ከምሽጋቸው ሆነው ሠራዊቱን ለመቃኘት ያወጡት በጋዝ የተሞላ ባሉን ነበር።

ታላቁ ቀን ኖቬምበር 21 ቀን 1783 ነው። በፓሪስ ዳርቻ ከላ ሙዌት ቤተ መንግሥት ግቢ የተነሣው ባሉን ቁመቱ ከ20 ሜትር የበለጠ፣ ወርዱም 15 ሜትር ገደማ ነበር። ጠዋት በገመድ ሲሞከር ነፋስ ስለ ቀደደው ሰፊዎች ተጠርተው ጠገኑት፤ ወደ 8 ሰዓት ገደማ ከሰዓት በኋላ ተለቀቀ። ሁለቱ ሰዎች ዛሬ እንደሚታየው በአንድ ቅርጫት ውስጥ አልነበሩም። በባሉኑ አፍ ዙሪያ በተሠራ መተላለፊያ ላይ፣ ሚዛን እንዲጠበቅ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ ቆሙ፤ በመካከላቸው የሚነደው ምድጃ ስለ ነበረ እርስ በርስ አይተያዩም። እጃቸው የገለባ እስርና እርጥብ እስፖንጅ ይዟል።

ዳርላንድ ከበታቹ የተዘረጋችውን ከተማ ሲመለከት ፈዝዞ ገለባ መጨመሩን ረሳ፤ ባሉኑም ወደ ሴን ወንዝ ዝቅ ሲል ፒላትር ወደ ሥራው እንዲመለስ አሳሰበው። ጥቂት ቆይቶ ዳርላንድ በጨርቁ ላይ እሳቱ የበሳቸውን ቀዳዳዎች አየ፤ በእስፖንጁም አጠፋቸው። የሚይዙትን ገመዶች አንድ በአንድ እየፈተሹ 25 ደቂቃ ያህል ከተጓዙ በኋላ ከተነሡበት 9 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ቡት ኦ ካይ በተባለ ስፍራ ከነፋስ ወፍጮዎች መካከል አረፉ። ጨርቁ በፒላትር ላይ ወድቆ ሸፍኖት ነበርና ከሥሩ ተሳቦ ወጣ። አውልቆት የነበረውን ካባውን ግን አላገኘውም፤ የተሰበሰበው ሕዝብ ለመታሰቢያ ቀዳዶ ተከፋፍሎታል።

ዛሬ በባሉን የሚሳፈር ሰው የሚያገኘው ነገር ከዚህ ቀን ጋር ብዙ ይመሳሰላል። በገለባ ምድጃ ፈንታ ፕሮፔን ጋዝ የሚያነድ ማቃጠያ ገብቷል፤ ይህንን ኤድ ዮስት የተባለ አሜሪካዊ በ1960 ሰው ይዞ በመብረር አስመስክሯል። ወረቀቱና ጨርቁም በናይለን ተለውጧል። ሕጉ ግን ያው ነው። በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ክብደቱ በሩብ ኪሎ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ 70 ኪሎ የሚመዝነውን ሰው ብቻ ለማንሣት፣ የባሉኑን ክብደት ሳይጨምር፣ 280 ሜትር ኩብ የሚሆን ትኩስ አየር ያስፈልጋል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ደግሞ አየሩ በአምስተኛ እጅ ያህል ስለሚሳሳ፣ በወለጋ ደጋ ላይ ለዚያው ሰው 350 ሜትር ኩብ ገደማ ይሻል። ይህን ስሌት በነቀምቴም ሆነ በኪራሙ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢሠሩት ለተማሪ የሚከብድ አይደለም።

ተሳፋሪው የሚገርመው የነፋስ አለመኖር ነው። ባሉኑ ከነፋሱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ፈጥኖም ቢጓዝ ፊትን የሚነካ አየር የለም። ማቃጠያው ዝም ሲል የውሻ ጩኸትና የሰው ድምፅ ከምድር ጥርት ብሎ ይሰማል። ከገደል አፋፍ ሲቆም ራሱ የሚዞር ሰው እንኳ፣ ከምድር ጋር የሚያገናኘው ግድግዳ ስለማይታየው፣ በዚያ ብዙ አይሸበርም። ሙቀቱ አናት ላይ ስለሚወርድ ባርኔጣ ማድረግ ይበጃል። መሪ የለውም፤ አብራሪው ማድረግ የሚችለው መውጣትና መውረድ ብቻ ሲሆን፣ በየከፍታው የሚለያየውን የነፋስ አቅጣጫ እየመረጠ መንገዱን ያበጃል። ስለዚህ ጉዞው ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ይደረጋል፤ የሚያርፉበት ቦታም አስቀድሞ በትክክል ስለማይታወቅ መኪና በምድር ይከተላል። ሲያርፉ ጉልበትን ዕጥፍ አድርጎ መያዣውን አጥብቆ መያዝ ግድ ነው፤ ቅርጫቱ ሊጎተት፣ ሊጋደምም ይችላል።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ከአሥር ቀን በኋላ ሻርል የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በሃይድሮጅን ባሉን ወጥቶ ሁለት ሰዓት ያህል በረረ፤ የእሳቱ ባሉን ብልጫው ያን ጊዜውኑ ተነጠቀ። ፒላትር ግን አልቆመም። በጃንዋሪ 1784 በሊዮን ከተማ ሰባት ሰዎች በጫነ ግዙፍ ባሉን ወጣ፤ ጨርቁ ተቀድዶ በኃይል ወደቁ፣ ሕይወታቸው ግን ተረፈ። በጁን 23 ቀን በቬርሳይ፣ የፈረንሳይና የስዊድን ነገሥታት እየተመለከቱ፣ ጆዜፍ ፕሩስት ከተባለው ኬሚስት ጋር ተነሣ። ይህ ፕሩስት የውሁዶችን የተወሰነ ምጣኔ ሕግ ያወጣው፣ ስሙ በኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ ሁሉ የሚገኘው ሊቅ ነው። ሁለቱ 3,000 ሜትር ያህል ወጥተው በብርድና በበረዶ መካከል አለፉ፤ በሦስት ሩብ ሰዓት 52 ኪሎ ሜትር ተጉዘው በሻንቲዪ አጠገብ አረፉ።

ቀጥሎ ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ ባሕሩን ማቋረጥ ፈለገ። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ይህ ከወዲያ ወደዚህ ከመምጣት ይልቅ አስቸጋሪ ነበር። ለዚህም አዲስ ነገር አሰበ፤ ከላይ ሃይድሮጅን የያዘ ክብ ባሉን፣ ከሥሩም በእሳት የሚሞቅ ሌላ። ሃይድሮጅኑ የዘወትር ክብደቱን ይሸከማል፤ እሳቱ ጋዝና አሸዋ ሳያባክን እንደ ልብ ያወጣል፣ ያወርዳል፤ ተስማሚውንም ነፋስ እስኪያገኙ ያስፈልጋል። ሐሳቡ ብልህ ነበር። ሆኖም ሃይድሮጅን ምን እንደሚያደርግ በገዛ ፊቱ ላይ ያየ ሰው፣ ጋዙን ከእሳት በላይ አንጠልጥሎ ለመጓዝ መወሰኑ ያስገርማል። ሻርልም ከባሩድ በታች እሳት ከማንደድ ጋር አመሳስሎት ነበር ይባላል።

ገንዘቡን መንግሥት ሰጥቷል። ፒላትር በቡሎኝ ወደብ ነፋስ ሲጠብቅ ሳለ፣ በጃንዋሪ 7 ቀን 1785 ብላንሻርና ጀፍሪስ ከእንግሊዝ ተነሥተው፣ ልብሳቸውን ሳይቀር ወደ ባሕር እየጣሉ፣ ተሻገሩ። ቀዳሚነቱ ቀረ። ሥራውን ሊተወው ፈልጎ እንደ ነበር፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ግን የወጣውን ወጪ አስታውሶ እንዳልተቀበለው ይተረካል። ወራት አለፉ፤ ሽፋኑ በእርጥበት ተጎዳ፣ አይጥም በላው ይባላል። ዕዳ ያለበትና ከበላይ የሚጠበቅ ሰው ነፋሱን በነጻ ሕሊና ሊመረምረው አይችልም፤ በሙያው ያለውን ዕውቀት የሚያዝዝበት ሌላ ሆኗል።

በጁን 15 ቀን 1785 ማለዳ ከባሉኑ ሠሪ ከፒዬር ሮማን ጋር ተነሣ። መጀመሪያ ወደ ባሕሩ ሄዱ፤ ከዚያም ነፋሱ ተለውጦ ወደ የብሱ መለሳቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ቆዩ የላይኛው ባሉን ጋዙን ለቀቀ። ጋዙ ተቀጣጥሎ ይሁን፣ ወይም የመተንፈሻው ክዳን ሲከፈት ጨርቁ ተቀድዶ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከ450 ሜትር ያህል ከፍታ በቪምሩ አጠገብ ወደቁ፤ ሁለቱም ሞቱ። ፒላትር የ31 ዓመት ሰው ነበር። በአየር በረራ አደጋ መሞታቸው የታወቀው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነርሱ ናቸው፤ በቪሚል መንደርም ተቀበሩ።

ሐሳቡ ግን አብሮት አልተቀበረም። ከሃይድሮጅን ይልቅ የማይቀጣጠለው ሂሊየም ሲገባበት፣ ጋዝንና ትኩስ አየርን የሚያጣምረው ባሉን ሮዚዬር በሚል በስሙ ተጠራ። በማርች 1999 በርትራን ፒካርና ብራያን ጆንስ በዚሁ ዓይነት ባሉን ከስዊስ ተራሮች ተነሥተው፣ ሳያርፉ ዓለምን ዞረው በግብፅ በረሃ ወረዱ።