ኤሪክ ሊድል እና የእሑድ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር» የተሰኘ ፊልም ያየ ሰው ኤሪክ ሊድልን ያውቀዋል። በፊልሙ ላይ ስኮትላንዳዊው ሯጭ ወደ ፓሪስ ኦሊምፒክ ሊሄድ መርከብ ላይ ሲሳፈር፣ የ100 ሜትር ማጣሪያው እሑድ እንደሚውል ድንገት ይሰማል። ሲኒማ ነው፣ ይሁን። እውነቱ ግን ከሲኒማው ይከብዳል። ሊድል ፕሮግራሙን ያወቀው ከወራት በፊት ነበር። በድንጋጤ እምቢ ማለት አንድ ነገር ነው፤ እምቢ ብሎ ለወራት የሰው ፊት እያዩ መኖር ግን ሌላ ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1902 ቻይና፣ ቲያንጂን ከተማ ውስጥ፣ ከሚስዮናውያን ወላጆች ነው። በልጅነቱ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ ቀጥሎ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይንስ አጠና። ለስኮትላንድ ራግቢ ተጫውቷል። በ1923 መቶ ያርድን በ9.7 ሰከንድ ሮጦ የብሪታንያን ክብረ ወሰን ሰበረ። እንግዲህ መቶ ሜትር የእሱ ነበር ማለት ነው። እሱን ተወው። ሁለቱን የዱላ ቅብብል ውድድሮችም እንዲሁ። ፊቱን ወደ 400 ሜትር አዙሮ መለማመድ ጀመረ።

ሐምሌ 6 ቀን 1924 (በፈረንጆቹ)፣ እሑድ፣ ሌሎች ለማጣሪያው ሲሰለፉ ሊድል ፓሪስ በሚገኘው የስኮትላንዶች ቤተ ክርስቲያን እየሰበከ ነበር። ረቡዕ በ200 ሜትር ነሐስ አገኘ። ዓርብ ደግሞ የ400 ሜትሩን ፍጻሜ ከመነሻው እንደ አጭር ርቀት ተፈትልኮ በ47.6 ሰከንድ አሸነፈ።

ብዙ ተራኪ እዚህ ላይ ያቆማል። ሰውየው እሑድን አከበረ፣ ወርቅ ተሰጠው፣ አለቀ! እኔን ግን የሚይዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

በዓመቱ፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ ዝናውን ትቶ ቻይና ተመለሰ። ቲያንጂን ውስጥ ሳይንስና ስፖርት ሲያስተምር ዓመታት አለፉ። በ1934 አገባ። በ1937 ጃፓን ቻይናን ስትወር ቤተሰቡን ከተማ ትቶ ወደ ገጠር ወረደ፤ በብስክሌትና በእግር እየዞረ ያገለግል ነበር። በ1941 ነገሩ ሲከፋ ነፍሰ ጡር ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ወደ ካናዳ ላካቸው። እሱ ለሥራው ቀረ። ሦስተኛዋ ልጁ እዚያው ተወለደች፤ አላያትም። እዚህ ጋ ስደርስ እውነቱን ለመናገር ሆዴ ይባባል። ወርቅ መተው ይቻላል እንበል፤ ልጅስ? ትክክል ነበር ለማለት ድፍረቱ የለኝም፣ አጠፋ ለማለትም እንዲሁ።

በ1943 ጃፓኖች ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ዌይሺየን በተባለ የእስረኞች ካምፕ አስገቡት። ከ1,500 በላይ ሰው የታጨቀበት ግቢ ነው። ሊድል ሌላው ሳይነሳ በጠዋት ይነቃና ከአንድ ጓደኛው ጋር በኦቾሎኒ ዘይት መብራት መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል፣ ይጸልያል፣ የቀኑን ሥራ ያስባል። ከዚያ ቀኑ ይጀመራል። ለአቅመ ደካሞች ውሃ መሸከም፣ ልጆችን ሳይንስ ማስተማር፣ ማጫወት። ልጆቹ «አጎቴ ኤሪክ» ይሉታል፣ በእኛ «ጋሼ» እንደማለት ነው። ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው የተለያዩ ነበሩ።

ታዲያ እዚህም እሑድ መጣ። ሊድል በዚያ ቀን ጨዋታ አልመራም አለ። ልጆቹ ግን ሥራ ፈትተዋል፤ ያለ ዳኛ ሆኪ ጀመሩና ጨዋታው በድብድብ አለቀ። በሚቀጥለው እሑድ ሜዳው ላይ ዳኛ ቆሟል፤ ሊድል ራሱ።

በኦሊምፒክ ፊት ያልተነቃነቀው ሰው ለሕፃናት ሆኪ ወጣ። አቋሙን ለወጠ የሚሉ አሉ። እኔ እንዲያ አይመስለኝም። ፓሪስ ላይ ሊቀርበት የነበረው የራሱ ክብር ነው፤ እዚህ ግን የሚጎዱት ልጆቹ ነበሩ። ይህን መለየት የቻለው በየጠዋቱ ከዚያች መብራት ሥር ስለሚቀመጥ ይመስለኛል። እኛ አገር ታላቁ ሩጫ የሚካሄደው እሑድ ነው፤ ስለዚያ መከራከር እንወዳለን። ሰኞ ጠዋት ከስልካችን በፊት ምን እንደምናነሳ ግን ማንም አይጠይቀንም።

ሊድል በየካቲት 21 ቀን 1945 በአንጎል ዕጢ እዚያው ካምፕ ውስጥ አረፈ፤ 43 ዓመቱ ነበር። ካምፑ ነፃ የወጣው በዚያው ዓመት ነሐሴ ነው። የሞቱ ወሬ ካናዳ ያለችው ሚስቱ ዘንድ የደረሰው ከሁለት ወር በላይ ዘግይቶ፣ በግንቦት ነበር።