ስለ ቁማርተኛው ስቱ ኡንጋር ሕይወት

አንባቢ ሆይ፤ በአዲስ አበባ አራዳ የሚለው ስም ከሰፈር መጠሪያነት አልፎ የብልህ ሰው ቅጽል ሆኖአል። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ካርታ የሚይዝ ሰው፥ ቁማር የሚያከስረው ሞኙን እንጂ ብልሁን አይደለም እያለ ራሱን ያጽናናል። አንተም በዚህ ሐሳብ የምትጽናና ብትሆን፥ ከቁማርተኞች መካከል በዕውቀቱ እጅግ የተደነቀውን የስቱ ኡንጋርን ሕይወት ተመልከት።

ይህ ሰው በፈረንጆች ቍጥር በ1953 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁማር የሚካሄድበት መጠጥ ቤት ነበረውና ልጁ ካርታን በሕፃንነቱ ተማረ። አእምሮው የሰላ ስለ ነበረ የወደቁትን ካርታዎች አይረሳም ነበር፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው የያዘውንም እንደሚያይ ያህል ይገምት ነበር። ጂን ራሚ በሚባለው ጨዋታ የሚገጥመው ሰው ስለ ጠፋ፥ ቁማር በሕግ ወደ ተፈቀደባት ወደ ላስ ቬጋስ ሄዶ ፖከርን ያዘ። በ1980 እና በ1981 ዓ.ም. የዓለሙን ታላቅ የፖከር ውድድር አከታትሎ አሸነፈ።

ነገር ግን ልብ በል። በካርታ ያገኘውን ገንዘብ በፈረስ እሽቅድምድምና በስፖርት ውርርድ ያፈስሰው ነበር፤ በዚያ ቦታ የካርታ ዕውቀቱ አልረዳውም። በላዩም ኮኬይን የሚባለው አደንዛዥ ዕፅ ገዛው። በ1990 ዓ.ም. በዚያው ውድድር በሦስተኛው ቀን በሆቴል ክፍሉ ራሱን ስቶ ተገኘ። በ1997 ዓ.ም. የመግቢያውን 10,000 ዶላር ሌላ ሰው ከፈለለትና ለሦስተኛ ጊዜ አሸንፎ 1,000,000 ዶላር አገኘ። እኩሌታው ለከፈለለት ሰው ሆነ፤ የቀረውም በጥቂት ወራት አለቀ። በ1998 ኖቬምበር 22 ቀን፥ ማለት በእኛ ኅዳር 13 ቀን 1991 ዓ.ም.፥ በ45 ዓመቱ በርካሽ ማረፊያ ቤት ብቻውን ሞቶ ተገኘ። ለቀብሩም ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጡ።

እንግዲህ ይህ ሰው የጠፋው ጨዋታውን ባለማወቁ አይደለም። ገንዘብን ከጠረጴዛ ማንሣት ያውቅ ነበር፤ ከጠረጴዛው መነሣትን ግን አላወቀም። ወዳጄ ሆይ፤ የወር ደመወዝህን ይዘህ በፒያሳ በኩል ወደ ቤትህ ስትሄድ ጓደኛህ ለአንድ ጨዋታ ብቻ ቢጠራህ፥ በቤት የሚጠብቁህን አስብ። ዕውቀትህን አትመርምር፤ መቼ ለመነሣት እንደምትችል ራስህን ጠይቅ። ያልተቀመጠ ሰው ለመነሣት አይቸገርም።