አርባ ሺህ ጠገራ ብር ያለመው ነጋዴ

ሐረር የሄደ ሁሉ “የራምቦ ቤት”ን ሳያይ አይመለስም። ባለ ቀለም መስታወቱና የእንጨት ሥራው ዓይን ይማርካሉ። ይሁንና ቤቱን ያሠራው አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ያውም ራምቦ ከሞተ ከዓመታት በኋላ። ከተማው ለሰውየው ቤት የሰጠው ካለፈ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ገጣሚው አርተር ራምቦ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። እንጀራዬ የአዋጭነት ጥናት ማዘጋጀት በመሆኑ ዓይኔን የሚስበው ነጋዴው ነው። ከአፍሪካ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ያገላበጠ ሰው ከግጥም ይልቅ ዋጋ፣ ኪራይ፣ ቀረጥና የምንዛሪ ሒሳብ ያገኛል። ለእኔ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ንባብ የለም።

ራምቦ የተወለደው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1854 በሰሜን ፈረንሳይ በሻርልቪል ከተማ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሃያዎቹን ዓመታት እንደጀመረ ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወ። ጃቫን፣ ቆጵሮስን ዞሮ በ1880 ዓደን ሲደርስ ባርዴ የተባለ የቡና ነጋዴ ቀጠረው። በዚያው ዓመት መጨረሻም ከዘይላ ተነስቶ በፈረስ ሃያ ቀን ተጉዞ ሐረር ገባ። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይገዛል፤ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል። የሰው ተቀጣሪ ነው፤ ትርፉም ኪሳራውም የባለቤቱ ነው።

በጥቅምት 1885 ግን ከአሠሪው ጋር ተጣልቶ ያጠራቀመውን ይዞ ለራሱ ለመነገድ ወጣ። ሸሪኩ ላባቱ የሚባል፣ ሸዋ ውስጥ ኢትዮጵያዊት ሚስት የነበረችው ፈረንሳዊ ነጋዴ ነበር። ዕቃው ጠመንጃ፣ ገዢው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ። ራምቦ ለቤተሰቡ የጻፈው ሒሳብ አጓጊ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከአገልግሎት ውጪ የሆነ አሮጌ የቅምብቢት ጠመንጃ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገኛል፤ ሸዋ ላይ ወደ 40 ፍራንክ ያወጣል። በመካከሉ ያለው ወጪ ከባድ መሆኑንም አልሸሸገም። በ1886 የመከር ወራት ሌላ ዕቃ ለመግዛት ፈረንሳይ እንደሚመጣ ተስፋ ሰጣቸው።

በዚያ የመከር ወቅት የት ነበር? ታጁራ። ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ግመል ማግኘት በባላባቶቹ ፈቃድ ነው፤ ግመሉ እስኪገኝ ሰው ይበላል፣ ዘበኛ ይከፈላል፣ ገንዘቡ ታስሮ ይቀመጣል። በ1886 የጸደይ ወራት ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት የጦር መሣሪያ ንግዱን አገደ። ሁለቱ ሸሪኮች ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቤቱታ ጻፉ። ያን አቤቱታ ስመለከት አንድ ሰው በጀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠልኝ ያህል ይሰማኛል። 2,040 ጠመንጃ፣ አንዱ በ15 ጠገራ ብር፣ 30,600፤ 60,000 የሬሚንግተን ጥይት፣ 3,600፤ ንጉሡ ያዘዟቸው መሣሪያዎችና ዕቃዎች፣ 5,800። ድምሩ 40,000 ጠገራ ብር። ንጉሡ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በዝባድ ሲከፍሉ፣ ያ ዓደን ላይ ሲሸጥ ሌላ ግማሽ ያህል ይጨምራል። በጠቅላላው 60,000 ብር፣ በጊዜው ምንዛሪ 258,000 ፍራንክ።

ቁጥሩ ሲደመር ትክክል ነው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ለቤተሰቡ 40 ፍራንክ ያለው ጠመንጃ ለሚኒስትሩ 15 ብር፣ ማለትም ከ64 ፍራንክ በላይ ሆኗል። ካሳ የሚጠይቅ ሰው ዋጋ ቢያስወድድ አይገርምም። በፊተኛው ዋጋ ቢሰላ ግን ጠመንጃው የሚያስገኘው 19,000 ብር ገደማ ብቻ ነበር።

እገዳው ተነሳ። ላባቱ ግን በካንሰር ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰና ሞተ። ሊተባበረው የነበረው ሶሌዬም ዓደን ላይ በድንገት አረፈ። ራምቦ በጥቅምት 1886 ብቻውን ሲራራውን ነድቶ በአፋር በረሃ አቋርጦ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። (ፓሪስ ውስጥ ግጥሞቹ መጽሔት ላይ ወጥተው ስሙ የተነሳው በዚያው በ1886፣ እሱ ታጁራ ግመል ሲጠብቅ ነው።)

አንኮበር የጠበቀው ባለዕዳ ሳይሆን ባለገንዘብ ነው። የላባቱ አበዳሪ ነኝ የሚለው ሁሉ ተሰለፈ፤ ሚስቲቱም ድርሻዋን ጠየቀች። ራምቦ ከእሷ ቤት 34 የላባቱን ደብተሮች አግኝቶ በንዴት አቃጠላቸው። በኋላ ሲሰማ በመካከላቸው የንብረት ሰነዶች ነበሩባቸው። የኦዲት ሙያ ያለው አንባቢ እዚህ ላይ ራሱን ቢይዝ አልፈርድበትም።

ገዢው አንድ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ንጉሥ ምኒልክ በጥር ወር በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን የያዙ ሲሆን ግብፆች ትተውት የሄዱት መሣሪያም እጃቸው ገብቷል። አሮጌ የቅምብቢት ጠመንጃ የሚያስቸኩላቸው ነገር አልነበረም። በችርቻሮ መሸጥን ከለከሉና በጅምላ 14,000 ብር ቆረጡ። ከዚያም ላይ የግመል ኪራዩ ቀሪና የላባቱ ዕዳ ተቀነሰ። ለራምቦ የተሰጠው ሐረር ላይ ደጃዝማች (በኋላ ራስ) መኮንን የሚከፍሉት የ9,000 ብር ያህል ማዘዣ ነው። ራምቦ ተታለልኩ ብሎ አማረረ። እኔ በበኩሌ ንጉሡ ጥሩ ገዢ ነበሩ እላለሁ፤ ዕቃ አራግፎ መመለሻ የሌለው ሻጭ በየትም አገር ዋጋ አይወስንም።

በነሐሴ 1887 ካይሮ ሲደርስ የሰባት ዓመት ጥሪቱ 16,000 ፍራንክ ገደማ ነበር። ወርቁን በወገቡ ታጥቆ ስለሚዞር ስምንት ኪሎ ይከብደኛል እያለ ያማርር ነበር።

ሁለተኛው ሙከራው የተሻለ ነው፤ ብዙ ጸሐፊዎች ግን በችኮላ ያልፉታል። በ1888 ዓደን ካለው ሴዛር ቲያን ጋር ተዋውሎ ሐረር ላይ የራሱን ንግድ ቤት ከፈተ። ጨርቅና የቤት ዕቃ ያስመጣል፤ ቡና፣ ቆዳ፣ ዝባድ ይልካል። ገዢው ብዙ፣ ትርፉ ትንሽ፣ ጭነቱ በየጊዜው። ሦስት ዓመት ያህል እንዲህ ሠራ። በ1891 መጀመሪያ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው ንግዱን በጥድፊያ ዘጋ፤ ራሱ ንድፉን ባወጣው ቃሬዛ 16 ሰዎች ተሸክመው ዘይላ አደረሱት። ከቲያን ጋር ሲተሳሰብ ከ36,000 ፍራንክ በላይ ነበረው።

በግንቦት ማርሴይ ሆስፒታል እግሩ ተቆረጠ፤ ኅዳር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ ሞተ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የሐረር አገልጋዩን ጃሚን ስም ይጠራ ነበር። 3,000 ፍራንክ እንዲደርሰው ተናዞለት፣ እህቱ ኢዛቤል በሐረር ካቶሊክ ሚሲዮን በኩል ላከች። ገንዘቡ ሲደርስ ጃሚም በወጣትነቱ ሞቶ ስለነበር፣ 750 ጠገራ ብሩን ወራሾቹ ተረከቡ።