የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክና የአባቴ ደብተር

የመጽሔታችን አዘጋጆች በሞት ከተለዩን ታዋቂ ሰዎች የአንዱን ታሪክ እንድጽፍ ባዘዙኝ ጊዜ ጓደኞቼ የንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ታሪክ የምጽፍ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት ብዙውን ዕድሜያቸውን በቀንድ አውጣና በእንዶድ ፍሬ ምርምር ያሳለፉትን የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ነው። የመረጥሁበትንም ምክንያት አስቀድሜ ብናገር ይሻላል።

አባቴ እዚሁ ጂንካ በላቦራቶሪ ሠራተኛነት 24 ዓመት አገልግሏል። ከቆላው፥ ከኦሞ ወንዝ ወገን፥ ትኩሳት የማይለቀው፥ ጣፊያው ያበጠ በሽተኛ በመጣ ቍጥር፥ ደሙን ተቀብሎ የወባን ወይም የካላ አዛርን ምልክት የሚፈልገው እርሱ ነው። በሽተኛው ሲድን ሐኪሙን አመስግኖ ይሄዳል፤ ይህም የተገባ ነው። በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የዋለው ሰው ማን እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። አምና ለትጉሃን ሠራተኞች የምስክር ወረቀት በተሰጠበት ዕለት፥ እናቴ ነጠላዋን አጥባ፥ እኔም ጫማዬን ወልውዬ፥ ከአባቴ ጋራ ሄደን ተቀመጥን። የብዙ ሰው ስም ተጠራ፤ የእርሱ ግን ሳይጠራ ቀረ። ወደ ቤታችን ስንመለስ መንገዱ ረዘመብኝ።

አባቴ እራቱን በልቶ እንደ ልማዱ ደብተሩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። በዚህ ደብተር የበሽተኛ ስም አይገኝበትም፤ ወሩን፥ በሽተኛው የመጣበትን አገርና የምርመራውን ውጤት ብቻ ነው የሚጽፍበት። እኔ ስለ ምስክር ወረቀቱ ባጕረመርም፥ ሙያውን ሲማር ስለ ሰማቸው ስለ ዶክተር አክሊሉ ያጫውተኝ ጀመር። የቀረውን ከመጻሕፍት ፈልጌ አገኘሁት። ዘመኑን ሁሉ መጻሕፍቱ እንዳስቀመጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1935 ተወለዱ፤ የትውልድ ከተማቸውም ጅጅጋ ነው። በአሜሪካ አገር ትምህርታቸውን ተከታትለው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። በዚያው ዓመት ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ለመመርመር ወደ አድዋ ሄዱ። ቢልሃርዝያ በሰው የደም ሥር ውስጥ ከሚኖር ትል የሚመጣ በሽታ ነው። የትሉ እንቍላል ከሰው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የተፈለፈለውም በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ አድጎ ይወጣና፥ ልብሱን ሊያጥብ ወይም ሊዋኝ ወደ ውሃው የገባውን ሰው ቆዳውን በስቶ ይገባበታል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መንገድ ይቋረጣል ማለት ነው። በዚያ ዘመን 200 ሚሊዮን የሚያህል የዓለም ሕዝብ ይህ በሽታ እንደ ያዘው ይገመት ነበር፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው መድኃኒት ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለ ነበረ ለድኻ አገር የሚቀመስ አልነበረም።

ዶክተር አክሊሉ በአድዋ ወንዞች ዳር ቀንድ አውጣ ሲሰበስቡ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፥ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ብዙ የሞተ ቀንድ አውጣ ተገኘ። ከአጣቢዎቹ አንዲቱን ለምነው፥ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት ወስዳ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በተቀመጡበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹም ወዲያው ሞቱ።

የነገሩ መጀመሪያ ይኸው ነው። እንዶድን የማያውቅ ደገኛ አልነበረም። እናቴም በልጅነቷ ጎጃም ሳለች ጋቢና ነጠላ ታጥብበት ነበር፤ ሲወቀጥ ብናኙ አፍንጫ ገብቶ እንደሚያስነጥስ እስከ ዛሬ እየሣቀች ታወራለች። በዚያ ወንዝ ዳር ለስንት ዘመን ልብስ ሲታጠብ ቀንድ አውጣውም እንዲሁ ሲሞት ኖሯል ማለት ነው። ነገር ግን ቀንድ አውጣ በሽታ እንደሚያስተላልፍ ለአጣቢዎቹ የነገራቸው ሰው ስለሌለ የሞተውን ለመቍጠር ምን ምክንያት ነበራቸው? ዶክተር አክሊሉ ቈጠሩት፤ ቈጥረውም ዝም አላሉም። በ1965 ያዩትን በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

በ1966 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ በዚያን ጊዜ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በነበረው፥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከዚህ በኋላ በአድዋ ከተማ እንዶዱን ወንዙ ውስጥ እየጨመሩ አምስት ዓመት ያህል ሙከራ ተደረገ። ሥራው ሲጀመር በበሽታው የተያዙት ሕፃናት ከመቶው 50 ያህል ነበሩ፤ ሲፈጸም ወደ 7 ወረዱ። አንባቢዬ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ይበል። ይህን ቍጥር ለማግኘት አምስት ዓመት ሙሉ የሕፃናት ዓይነ ምድር በማይክሮስኮፕ መታየት ነበረበት። ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠራ ሰው በአደባባይ አይታይም።

የዚሁ ኢንስቲትዩት ምርምር ወደ እኛም አገር ደርሷል። የታችኛው ኦሞ ቆላ የካላ አዛር አገር መሆኑ የታወቀ ነው። በ1979 ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላ አዛር የታተመ የጥናት ጽሑፍ አለ፤ ከጸሐፊዎቹም መካከል የዶክተር አክሊሉ ስም ይገኛል። አባቴ ዛሬ በደም ውስጥ የሚፈልገው በሽታ የት የት እንደሚገኝ ከእርሱ አስቀድመው የመረመሩ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ወደ እንዶዱ እንመለስ። የአሜሪካ ሊቃውንት ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ነገር ከፍሬው ለይተው ካወጡ በኋላ ስሙን ለማቶክሲን አሉት። እኔ ይህን ሳነብ ሣቄ መጣ፤ በአገራችን ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነውና፥ ለክብር ብለው የሰየሙት መርዝ የልጁን ሳይሆን የአባትየውን የአቶ ለማን ስም ይዞ ቀረ!

ዳሩ ግን ስም ማግኘትና መታመን ለየቅል ናቸው። በአፍሪካ ምድር፥ በአፍሪካውያን እጅ የተሠራው ሙከራ በውጭ አገር በቂ ሆኖ አልተቈጠረም። እንዶድ ለሰውና ለእንስሳ የማያሰጋ መሆኑ የተሟላ መሣሪያ ባላቸው ላቦራቶሪዎች እንደ ገና እንዲመረመር ተጠየቀ። ፍርዴን ብሰጥ፥ ጥያቄው ከንቱ አልነበረም፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሁሉ መመርመር አለበት። ያሳዘነኝ ምርመራው የፈጀው ዘመን ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከአገራቸው ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሲሠሩም የእንዶዱን ጉዳይ አልተዉም። በየስብሰባው እየተነሡ አስረዱ፤ ጻፉ፤ የአፍሪካ ሊቃውንት የሚያስፈልጋቸው ምጽዋት ሳይሆን የተሟላ ላቦራቶሪ ነው እያሉ ተከራከሩ። በመጨረሻ በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ርዳታ የተደረገው ምርመራ ለእንዶድ የሚመሰክር ሆነ።

አሁን ደግሞ ከእርሳቸውም ይልቅ ስማቸው እምብዛም የማይነሣውን ሰው ላንሣ። እኒህም ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። እርሳቸው ከየአውራጃው የእንዶድ ዓይነት እየሰበሰቡ፥ እየተከሉ፥ የትኛው ብዙ ፍሬ እንደሚሰጥና የትኛው ቀንድ አውጣን አብልጦ እንደሚገድል ሲያነጻጽሩ ብዙ ዓመት ደከሙ። ከሁሉ የተሻለው ተብሎ የተመረጠው ዓይነት 44 ቍጥር የተሰጠው ነው። በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለው ሽልማት በስዊድን አገር ሲሰጥ ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ አብረው ተሸለሙ። ከአድዋው ወንዝ እስከዚያ ቀን ድረስ 25 ዓመት ሆኖ ነበር። አባቴ በላቦራቶሪ ከቈየበት ዘመን አንድ ዓመት ብቻ ይበልጣል።

በ1990 ዶክተር አክሊሉ የክብር ማዕርግ ለመቀበል አሜሪካ ወደሚገኘው ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ሳለ፥ በዚያ አገር የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ቅርፊታም የውሃ እንስሳ ሕዝቡን እንዳስቸገረ ሰሙ። እንዶድ ተሞከረበትና ገደለው። የፈጠራውን የባለቤትነት መብት ግን ዩኒቨርሲቲው ወሰደ። ስለዚህ ነገር ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ገጹ አይበቃኝም።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እውነቱን ለመናገር፥ ዛሬ ለቢልሃርዝያ በብዛት የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ነው እንጂ እንዶድ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ለአባቴ ካነበብሁለት በኋላ አንድ ነገር ለመንሁት። ይኸውም ደብተሩን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ፥ ቍጥሩን በየወሩና በየአገሩ ደምሬ፥ ለአለቃው እንዲሰጥ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ መልስ አልሰጠኝም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብተሩን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ገልብጬ ለመጨረስ ሦስት ማታ ፈጀብኝ፤ በሽፋኑም ላይ ሙሉ ስሙን በትልቁ ጻፍሁበት። እርሱም መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበና፥ በየካቲት ወር 17 የሚለውን 11 ብዬ ስለ ገለበጥሁት በቀይ እርሳስ አረመኝ። ስሙን ግን አልሰረዘውም። በማግሥቱ ጠዋት በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞት ወጣ።