ከእንጦጦ እስከ ባሮ፤ የአሌክሳንደር ቡላቶቪች ሕይወትና ጽሑፍ

መንገደኛ ብዙ ነው፤ ያየውን በጽሑፍ ለሌላው የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ ሩሲያዊው የፈረሰኛ ጦር መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ነበር።

ቡላቶቪች በ1870 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኦሪዮል ተወለደ። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ፣ በ1896 ቁስለኞችን ለመርዳት ከተላከው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ጋር ነው። ቡድኑ ተግባሩን ፈጽሞ ሲመለስ እርሱ ቀረ። አማርኛ እየተማረ፣ ዐፄ ምኒልክን አስፈቅዶ፣ በዚያው ዓመት መጸው ከእንጦጦ ተነሣ። ዛሬ ነቀምቴና ኑኑ ቁምባ በሚገኙበት በወለጋ ምድር፣ በሌቃና በዴዴሳ በኩል አድርጎ እስከ ባሮ ወንዝ ዘለቀ። በ1897 መጀመሪያ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላም፣ ለዝሆን አደን ወደ ዴዴሳ ሸለቆ እንደገና ወረደ።

የጉዞው መጽሐፍ በዚያው በ1897 በሴንት ፒተርስበርግ ታተመ። ቡላቶቪች የራሱን መንገድ በአጭሩ ተርኮ፣ ሰፊውን ገጽ ለሕዝቡ፣ ለአስተዳደሩ፣ ለሠራዊቱና ለንግዱ ሰጠ። በ1900 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፉ ግን መልኩ ሌላ ነው። ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ጋር በከፋ በኩል እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ የተጓዘበትን ዘመቻ በዕለት ማስታወሻ መልክ አቀረበው። በዚህኛው ጸሐፊው ራሱ ይታያል፤ ድካሙም፣ በመንገድ ቆስሎ አግኝቶ ያሳደገው ሕፃንም አብረው ይታያሉ። ስለዚህ አንዱ መጽሐፍ አገሩን ሲያስተምር፣ ሌላው ጉዞውን ያኖራል።

ሆኖም አንባቢ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ቡላቶቪች የተጓዘው የገዢዎቹ እንግዳ ሆኖ ነው፤ ድንኳኑም ከመኳንንቱ ድንኳን አጠገብ ተተክሎ ነበር። የጦርነቱን ጥፋት፣ የከፋንም መራቆት አልደበቀም፤ ነገር ግን የተሸናፊውን ወገን ታሪክ በተሸናፊው አንደበት ለመስማት ያገኘው ዕድል ጠባብ ነበር። የጉዞ ጸሐፊ ያየውን ብቻ ሳይሆን፣ ከየት ቆሞ እንዳየው ጭምር መግለጽ ይኖርበታል።

ቡላቶቪች በኋላ ሰይፉን አስቀምጦ፣ አንቶኒ ተብሎ በአቶስ ተራራ መነኰሰ። በ1911 ኢትዮጵያን ዳግመኛ አየ። በ1919፣ ሩሲያ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ፣ በአንዲት የገጠር መንደር በወንበዴዎች እጅ ተገደለ። የወለጋን መንገድ ያቆየለት ብዕሩ ነው።